የአምሳል ሰዓት ልክ ነበር

ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ስድስት ሰዎች ነን። በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ አያ ታከለ ተቀምጠዋል። ከአይከል ወዲያ ካለ ቀበሌ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ አንድ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ ሌላውን ደግሞ ሞራ እየጋረደው ነው። ከጠረጴዛው ኋላ አምሳል ቆማለች። የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ቀጠሮ የምትይዘው እሷ ናት። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ይልማ መስኮቱን ተደግፈዋል። የእኛ የሶፍትዌር ድርጅት ባለቤት አቶ ደሳለኝ የመኪና ቁልፋቸውን በጣታቸው ያሽከረክራሉ። የፕሮግራመሮቹ ኃላፊና የእኔ አስተማሪ ትዕግሥት ላፕቶፗን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ስድስተኛው እኔ ይርጋ ነኝ፤ እንደ ልማዴ ጥግ ይዤ።

የተሰበሰብነው አምሳል ከሥራ ትባረር ወይስ አትባረር ለሚለው ጥያቄ ነበር። ጥያቄው እንዲህ ተብሎ ጮክ ብሎ አልተጠየቀም፤ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ እሷም ታውቀዋለች።

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው። እኔ ለጡረታ ገና ነኝ፤ ሙያዬን ነው የለወጥሁት። አሁን በደንቢያ ሜዳ ለገበሬዎች የመስኖ ፓምፕ እገጥማለሁ። ከፕሮግራም ሥራ ከወጣሁ በኋላ «ከብዶት ነው የተወው፣ ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው አይደለም» የሚል ወሬ ደርሶኛል። ትምህርት ቤት ገብቼ እንዳልተማርሁት እውነት ነው። ከበደኝ የሚለው ግን ውሸት ነው። ስለዚህ ራሴ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት ኮላ ድባ ከተማ ውስጥ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት ነው። ሰው ፎርም ሊያስሞላ ሲመጣ እሞላለሁ፤ ሰው ሳይኖር ድረ ገጾቹ እንዴት እንደተሠሩ ከጀርባቸው ገልጬ አያለሁ። ያስተማረኝ የለም። አንድ ነገር ሳይገባኝ ወደ ሌላው አላልፍም ነበር፤ ይህ ጠባይ ቀስ ያደርጋል፣ ግን የያዘውን አይለቅም። ደመወዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ ለሌላ ነገር የሚተርፍ አልነበረም።

ከዚያ ጎንደር ገብቼ ተራራ ለመውጣት ለሚመጡ ቱሪስቶች ማረፊያ ላለው ሰው የቦታ ማስያዣ ዌብሳይት ሠራሁ። ሰዓት የሚባል ነገር እንደሚያታልል ያወቅሁት እዚያ ነው። ባለ ማረፊያው በየሳምንቱ ከአውሮፓ አስጎብኚዎች ጋር በቪዲዮ ይነጋገራል። አንድ ሰኞ በሰዓቱ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ማንም የለም፤ ስብሰባው ተጠናቆ ሰው ተበትኗል።

«ምነው? ሳይጠብቁኝ?» አለኝ፣ እኔ የበተንሁት ይመስል።

በእነሱ አገር መጋቢት ላይ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት እንደሚገፉ፣ ጥቅምት ላይ እንደሚመልሱት ነገርሁት።

«ፀሐይዋን አስፈቅደዋል?»

«የለም፣ በሕግ ነው።»

«እነሱ በሕግ ይቀይሩ፣ የሚያረፍደው እኔ!» ብሎ ኮፍያውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

ትክክል ነበር። እኛ አንነካካውም፤ ዓመቱን ሙሉ ሰዓታችን ካለበት አይነቃነቅም። ግን ከሚነካኩት ጋር ቀጠሮ ከያዝን የእነሱ ሕግ ጓዳችን ድረስ ይገባል። የዚያን ዌብሳይት ሰዓት ለማስተካከል ስታገል ነው የአቶ ደሳለኝ ድርጅት ሰው የሚፈልግ መሆኑን የሰማሁት። ትዕግሥትን እዚያ አገኘኋት።

እትዬ ትዕግሥት እላት ነበር። እሷ «እትዬውን ተወው፣ ኮዱን አሳየኝ» ትለኛለች። ስለ እሷ አሠራር በዝርዝር መጻፍ አለብኝ፤ እስካሁን ፓምፕ ስገጥም እንኳ የምጠቀምበት ነው።

ስለ ሰዓት ሥራ ስንጀምር መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ መስመር ታሰምራለች። ከዚያ አንድ ነጥብ ታደርግበታለች። «ነገሩ የሆነው እዚህ ነው» ትላለች። «ጎንደር ያለ ሰው በአንድ ስም ይጠራዋል፤ ለንደን ያለ በሌላ ስም ይጠራዋል። ነጥቡ ግን አንድ ነው። መጀመሪያ ነጥቡን ያዝ፤ ስሙን ለሚያየው ሰው ስታሳይ ታወጣለታለህ።» የሆነ ያለፈ ነገርን የየአገሩ ሰዓት በሚለካበት በዓለም መነሻ ሰዓት መዝግቦ ማስቀመጥ ማለት ይኸው ነው። መጻሕፍት በብዙ ገጽ የሚሉትን እሷ በአንድ መስመርና በአንድ ነጥብ ጨረሰችው።

ሁለተኛው ልማዷ ጥያቄ ነው። ማንም ሰው ሰዓት ከጠራ «የት ሆነህ?» ትላለች። «ምሳ በስድስት ተኩል እንውጣ» ስንላት እንኳ «የት ሆናችሁ?» ትለናለች። የቢሮው ልጆች ይስቁባታል። እሷ አትስቅም።

ሦስተኛው የሚገርም ነው። የላፕቶፗ ሰዓት መቼም ቢሆን የጎንደር ሆኖ አያውቅም። ዛሬ ካትማንዱ ላይ ታደርገዋለች፣ በሳምንቱ ኒው ዮርክ ላይ። «አገሩ ተቀምጦ የሚሠራ ኮድ ሁሉ ጎበዝ ይመስላል። ስደደውና እየው» ትላለች። በዚህ ዘዴ ያገኘናቸው ስህተቶች ብዙ ናቸው። ሲፈተሽ ደህና የነበረ ቀን፣ ማሽኑ ሌላ አገር ሲሆን የትናንት ሆኖ ይወጣል።

መሳቢያዋ ውስጥ የሽምብራ ቆሎ አይጠፋም። ስታነብ ትቆረጥማለች። ቆርጠም ማለቱ ድንገት ከቆመ ስህተት አግኝታለች ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የራሳችን ኮድ እንዳይሆን ሁላችንም አንገታችንን ቀና እናደርጋለን።

አንድ ነገር ግን ለእሷም እኔ ነኝ ያመጣሁላት። አባቴ ከጎንደር አድባራት በአንዱ መሪጌታ ናቸው። ለቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ የቀን መቁጠሪያ ልሠራ ብዬ ሳማክራቸው፣

«ቅዳሜ ማታ የሚቆመው ማኅሌት የማን ነው?» አሉኝ።

«የቅዳሜ ማታ።»

«የእሑድ ነው እንጂ! ዕለት የሚገባው በሠርክ ነው። ማሽንህ ይህን ያውቃል?»

«አያውቅም አባባ።»

«እንግዲያው ፊደል አስቆጥረዋ።»

ይህን ለትዕግሥት ስነግራት ቆሎዋን አቆመች። በቤተ ክርስቲያን ቀኑ ከምሽት ይጀምራል፤ ተራው ሰው ሰዓቱን ከንጋት ይቆጥራል፤ ፈረንጅ ከእኩለ ሌሊት። «ዛሬ ሌሊት በስምንት ሰዓት» ያለ ሰው የትኛውን ሌሊት ማለቱ እንደሆነ ሳይጠየቅ የሚመዘገብ ከሆነ ማሽኑ እየገመተ ነው። ከዚያ በኋላ የእኛ ፎርሞች ሁሉ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ከመመዝገባቸው በፊት «ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ማለትዎ ነው?» ብለው የሚጠይቁ ሆኑ። በዚህ እኮራለሁ።

ወደ ክሊኒኩ ልመለስ።

የክሊኒኩን የቀጠሮ ሲስተም የሠራችው ትዕግሥት ናት፤ እኔ ድርጅቱ ከመግባቴ በፊት፣ በኅዳር ወር፣ በጥድፊያ። አምሳል ቀጠሮውን በእኛ አቆጣጠር ታስገባለች፤ ሲስተሙ ለበሽተኛው በስልኩ መልእክት ይልካል፤ ለሐኪሙ ደግሞ ስልኩ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ ያስገባለታል። ከሳንጃ፣ ከአይከል፣ ከኮላ ድባ የሚመጣ ሰው ከእንግዲህ በር ላይ አያድርም ተብሎ የተደሰትንበት ሥራ ነበር።

በሚያዝያ መጀመሪያ አንድ የዓይን ቀዶ ሐኪም ለአንድ ቀን በአውሮፕላን መጡ። ሥራቸውን ጨርሰው በዚያው ቀን ይመለሳሉ። አምሳል ለመጀመሪያው በሽተኛ ሦስት ሰዓት ብላ ይዛለች፤ ለመጨረሻው፣ ለአያ ታከለ፣ ስምንት ሰዓት። ሐኪሙ ግን ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ጓንት አድርገው ይጠብቃሉ። ማንም የለም። ሦስት ላይ የመጀመሪያው መጣ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሁሉ በሐኪሙ ስልክ ላይ ካለው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ይገባል። የመመለሻ ትኬታቸውንም የቆረጡት ያንኑ ስልክ አይተው ነበር። አያ ታከለ በአውቶቡስ መጥተው፣ ስምንት ሳይሞላ በሩ ላይ ደርሰው፣ ሐኪሙ ቦርሳቸውን ይዘው ሲወጡ ተገናኙ። አውሮፕላኑ አይጠብቅም። አያ ታከለም «ዓይኔን ሳላስነካ ከዚህ አልነሳም» ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሐኪሙ ከመሄዳቸው በፊት ዶክተር ይልማን «ሴትየዋ ሰዓት አታውቅም፤ ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ አልመጣም» አሏቸው። እኛ የተጠራነው ያን ጊዜ ነው።

«አምሳል፣ ያስገባሽው በፈረንጅ ነው በእኛ?» አሉ ዶክተር ይልማ።

«በእኛ ነው ዶክተር። ሁልጊዜ በእኛ ነው።»

«ታዲያ እሳቸው ስልክ ላይ እንዴት ሌላ ሆነ?»

«እኔ የእሳቸውን ስልክ ምን አውቄ?»

«ተምታቶብሽ ይሆናል። ይኼ የፈረንጅና የሐበሻ ሰዓት ሁሉንም ሰው ያምታታል።»

አቶ ደሳለኝ ቁልፋቸውን ማሽከርከር አቆሙ። «ዶክተር፣ ይህ የታወቀ ነው። የተጠቃሚ ስህተት እንለዋለን። ሲስተም የገባለትን ነው የሚያወጣው።»

«ሲስተም ማነው?» አሉ አያ ታከለ ከአግዳሚው። «ይጠራና ይጠየቅ እንጂ! ይቺን ልጅ ብቻ አቁማችሁ...»

«አባቴ፣ ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው» አሏቸው አቶ ደሳለኝ።

«ማሽን ከሆነማ ስለሱ የሚመልሰው ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ማነው?»

አቶ ደሳለኝ ሰዓታቸውን አዩ። አምሳል ግን ከጠረጴዛው ኋላ ወጣች። «አቶ ደሳለኝ፣ ሰኞ ዕለት ደውዬልዎት አልነበረም? ኮምፒውተሩ ላይ፣ ሲስተሙ ጫፍ ያለው ሰዓት አንድ ሰዓት ይቀድማል አላልሁም?»

«ኮምፒውተሩን አጥፍተሽ አብሪው አልሁሽ።»

«አጠፋሁት፣ አበራሁት። አሁንም ይቀድማል።»

«በቃ፣ ይታያል» አሉ ዶክተር ይልማ፤ ከድምፃቸው ግን እንደማይታይ ያስታውቃል። «ለጊዜው አምሳል ቤትሽ ቆይ። ሌላ ሰው እንተካለን።»

ስብሰባ ላይ አልናገርም። ያን ቀን ግን ራሴን ስናገር ሰማሁት። «አንድ ሰዓት ነው» አልሁ።

«ምን?» አሉ ዶክተሩ።

«ልዩነቱ አንድ ሰዓት ነው። አምሳል የፈረንጅና የእኛን አምታትታ ቢሆን ስድስት ሰዓት ይሆን ነበር። በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ስድስት ነው። ከሦስት ሰዓት ይልቅ ዘጠኝ ብላ ትሳሳታለች እንጂ ሁለት ብላ አትሳሳትም። ቀኑን ሙሉ፣ ሁሉንም ቀጠሮ፣ እኩል በአንድ ሰዓት የሚሳሳት እጅ የለም። ይህ የሰው ስህተት አይደለም።»

«ይርጋ፣ ዝም ስትል ነው የምታምርብህ» አሉኝ አቶ ደሳለኝ።

«ይናገር!» አሉ አያ ታከለ። «ሸጋ ነገር ተናገረ።»

ትዕግሥት ላፕቶፗን አምሳል ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ከፈተች። የሲስተሙን ማስተካከያ ስትገልጥ ከኋላዋ ቆሜ አየሁት። ሲስተሙ ራሱን ያለበት አገር የሚያደርግበት ቦታ ላይ የተጻፈው አዲስ አበባ አይደለም። ግሪንላንድ ነው። ከጎኑ «ለጊዜው» የሚል ማስታወሻ አለ። በሙያችን ከዚህ ቃል በላይ ዕድሜ ያለው የለም።

ለሙያው ሰው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም እንዲገባ ላስረዳው። እኛ ከዓለም መነሻ ሰዓት ሦስት እንቀድማለን። አቆጣጠራችን ደግሞ ከንጋት ስለሚነሳ ከዚያ ላይ ስድስት ይቀነሳል። ስለዚህ የእኛ ሰዓት ሲነበብ፣ ከመነሻው በሦስት ወደ ኋላ ያለ አገር ሰዓት ይመስላል። ኅዳር ላይ የግሪንላንድ ሰዓት በትክክል እዚያ ላይ ነበር። እሱን ከመረጥህ እኛ ጠዋት አንድ ስንል ማሽኑም አንድ ይላል፤ ቀኑም ልክ ሲነጋ ይቀየራል። ምንም ኮድ ሳይጻፍ ሁሉም ነገር አምሮ ይሠራል። እንደዚህ ያለ አቋራጭ እጅን ያስከጅላል። ችግሩ ግሪንላንድ ሰዓቷን ከሚነካኩት መሆኗ ነው። በእኛ መጋቢት አንድ ሰዓት ወደፊት ገፋች። አምሳል የምታየውና በሽተኛው የሚደርሰው ሁለቱም በዚያው በተገፋው ሰዓት ስለሆነ እርስ በርሱ ይስማማል። የሐኪሙ ስልክ ግን የጎንደርን ሰዓት በትክክል ያውቃል፤ ስለዚህ ልዩነቱን ያሳየው እሱ ብቻ ነው።

ትዕግሥት ቀና አለች። «እኔ ነኝ ያስገባሁት» አለች። «አምሳል ምንም አላጠፋችም።»

ዶክተር ይልማ አቶ ደሳለኝን አዩ፤ አቶ ደሳለኝ ትዕግሥትን አዩ። አያ ታከለ አምሳልን ጠየቁ። «ምን አለች?»

«ሰዓቱ የሌላ አገር ነው አለች አያ። ግሪንላንድ።»

«ከመተማ ወዲያ ነው?»

«በጣም ወዲያ» አለች ትዕግሥት። «የበረዶ አገር ነው።»

«የበረዶ አገር ሰዓት በእኔ ዓይን ምን አግብቶት?»

ትዕግሥት፣ ያቺ ለሁሉም ነገር መስመር የምታሰምር ሴት ከሰውየው ፊት ቆማ እጇን ማሻሸት ጀመረች። «ምንም አያገባውም» አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ።»

«አንቺስ ይቅርታ አልሽ» አሉና ፊታቸውን ወደ አቶ ደሳለኝ መለሱ።

ነገሩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ውጭ፣ መኪናቸው አጠገብ፣ አቶ ደሳለኝ ያዙኝ።

«ደንበኛ ፊት እንዲህ ይወራል?»

«ደንበኛው ፊት እኮ ነው በአምሳል ላይ የተዋሸው።»

«አልተዋሸም፤ ተገመተ። አሁን ስማኝ። ለዶክተሩ በጽሑፍ ትልካለህ። ስህተቱ ከሁለቱም ወገን ነው ትላለህ፤ ከመረጃ አስገቢዋም ከሲስተሙም። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ሁሉም በፈረንጅ ሰዓት ይሁን። የችግሩ ሥር ይኼ የሐበሻ ሰዓት ነው። ዓለም በሙሉ በአንድ ሰዓት ነው የሚሠራው።»

«ዓለም በሙሉ በአንድ ሰዓት ቢሠራ ኖሮ ግሪንላንድ ባላስቸገረችን።»

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ የተማሩ ሰዎች ከአቶ ደሳለኝ ጋር እንደሚስማሙ አውቃለሁ። እኔ አልስማማም፤ ዛሬም አልስማማም። አያ ታከለ ስልክ ላይ «14:00» ብለህ ብትልክ አሥራ አራት ሰዓት የሚባል ነገር በአይከል የለም። ሰው የሚኖርበትን አቆጣጠር ማሽኑ አልቻለም ብለህ ከሰው ላይ የምትነጥቅ ከሆነ ያን ሙያ ለምን ተማርኸው? አቆጣጠራችን የሰዓት ቀጠና አይደለም። ቦታችን ጎንደር ነው፤ ሰዓቱን የምንጠራበት መንገድ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን የቀላቀለው ኮዱ ነው፤ አምሳል አልቀላቀለችም።

በሚቀጥሉት ቀናት ትዕግሥትና እኔ ሰሌዳው ፊት ቆመን አዲሱን አሠራር ነደፍን። ያለፈ ነገር በነጥብ ይቀመጣል። ወደፊት የሚመጣ ቀጠሮ ግን በነጥብ አይቀመጥም፤ መንግሥታት ሕጋቸውን ስለሚለውጡ። የሚቀመጠው ሰውየው የተናገረው ነው፤ ቀኑ፣ «ስምንት ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ»፣ እና ቦታው ጎንደር። ነጥቡ ሲያስፈልግ ይሰላል። ስድስቱ የሚቀነሰው ለሰው ዓይን ሲታይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ በየትም ቦታ አይነካም። ትዕግሥት ራሷ አንድ ጊዜ እንኳ «ጥድፊያ ነበር» ብላ ሳታመካኝ የድሮውን ሥራዋን ስታፈርስ ማየት እስካሁን ካገኘሁት ትምህርት ሁሉ ይበልጥብኛል።

ሲስተሙ ላይ ልንጭነው ስንል ግን እጄን ያዘችኝ። «አሁን አትጫነው። መጀመሪያ ዶክተሩ በገዛ እጃቸው ሞክረው ስህተቱን ይዩት። ካስተካከልነው በኋላ ማንም አያምንም።»

አቶ ደሳለኝም በዚያው ጠዋት መጡ። «ጽሑፉን ላክኸው?»

«አልላክሁም። አልልክም።»

«ወይ ትልካለህ ወይ ላፕቶፑን ታስረክባለህ።»

ላፕቶፑን ዘግቼ ገመዱን ጠቅልዬ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥሁት። ትዕግሥት አየችኝ፣ ከወንበሯ አልተነሳችም። ልጆች አሏት፤ አልፈርድባትም። ደግሞ ከመቀመጧ ይልቅ ያደረገችው ይበልጣል፤ በዚያው ቀን ለቀዶ ሐኪሙ በራሷ ስልክ ደውላ ስህተቱ የእሷ መሆኑን ነገረቻቸው።

እኔ ባዶ እጄን ቢሮው ካለበት ከፒያሳ ወደ ክሊኒኩ ወረድሁ። አምሳል የለችም፤ ወንበሯ ላይ ስሟን የማላውቃት ልጅ ተቀምጣለች። ዶክተር ይልማን «አንድ ቀጠሮ በእጅዎ ይያዙልኝ» አልኋቸው።

«ለማን?»

«ለራስዎ። ነገ ሦስት ሰዓት ይበሉ።»

ተቀምጠው ሞሉት። ጣታቸው ሰፊ ስለሆነ ሁለት ጊዜ አጥፍተው ጻፉ። «ሦስት ሰዓት። እሺ?»

«አሁን ስልክዎን ይዩት።»

ስልካቸው እንደ ሐኪሙ ስልክ ከቀጠሮው ጋር የተያያዘ ነው። ከኪሳቸው አውጥተው ከፈቱት፤ መነጽራቸውን አነሱ፣ መልሰው አደረጉ። ስልኩ ላይ ያለው ሁለት ሰዓት ነው።

«እኔም ሰዓት አላውቅም ማለት ነው» አሉ።

«ይህን ስልክ እስካሁን አይተውት አያውቁም ነበር?»

«ለምን አያለሁ? አምሳልን ነው የምጠይቃት።»

በዚያው ከሰዓት አስጠሯት። መጣች፤ ግን ወንበሩ ላይ አልተቀመጠችም። ዶክተሩ ቢሯቸው ጠርተው ይቅርታ ሊሉ ፈለጉ፤ እሷ በሩ ላይ ቆመች። «ዶክተር፣ ሰዓት አታውቅም የተባልሁት በሰው ፊት ነው። በሰው ፊት ይነሳልኝ።»

የገበያ ቀን ስለነበር አዳራሹ ሙሉ ነው። ዶክተር ይልማ ወጥተው አዳራሹ መሃል ቆሙ። እንዲህ ያለ ነገር የለመዱ ሰው አይደሉም፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አምሳል ልክ ነበረች» አሉ። «ሰዓቱን ያሳሳተው ሲስተሙ ነው። እኔም ሳላጣራ ነው የተናገርሁት።»

ከበሽተኞቹ ነገሩን የሚያውቅ የለም። አንዲት ከሳንጃ የመጡ ሴትዮ አጠገባቸው ያለውን ሰው «ምን አድርጋ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ሰማሁ። «እንጃ፣ ልክ ነበረች ነው የሚሉት» አላቸው። «እንግዲያማ ሸጋ ነው» አሉ ሴትዮዋ። አምሳል ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና የሚቀጥለውን ሰው ጠራች። በማግስቱ ትዕግሥት አዲሱን ጫነችው።

ቀዶ ሐኪሙ ከፋሲካ በኋላ ተመልሰው መጡ፤ የመጀመሪያው በሽተኛ አያ ታከለ ሆኑ። እንደሰማሁት አሁን በዚያ ዓይናቸው ከብቶቻቸውን ከሩቅ ይለያሉ።

አቶ ደሳለኝ ግን እስከ ዛሬ ምንም አላሉም። ለሌሎች ደንበኞች «የተጠቃሚ ስህተት ነበር፤ ልጁም ከብዶት ወጣ» እንደሚሉ ይነገረኛል። ስለዚህ ይህን የጻፍሁት ለአንባቢ ብቻ አይደለም። አያ ታከለ፣ እኔ ያልሰማሁትን የተናገሩት ነገር ካለ ያስጨምሩበት። አምሳል፣ ያሳጠርሁብሽ ካለ አርሚው። ዶክተር ይልማ፣ እትዬ ትዕግሥት፣ እናንተም። አቶ ደሳለኝ፣ በዚያ ክፍል እርስዎም ነበሩ፤ እኔ ከጻፍሁት የተለየ ነገር ካለ ከኋላ ሳይሆን በእነዚሁ ሰዎች ፊት ይናገሩ፣ ከስምዎ በታች ይጻፍ።